የገጸ ባሕርይ ደብተር፦ በታላላቅ ልብ ወለዶች ሰውን የማወቅ አሠራር

ይህ አሠራር የተዘጋጀው በአዲስ አበባ ዳር ለሚኖሩ አንባቢዎች ነው፤ ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ ወይም ከቱሉ ዲምቱ በጠዋት ወጥተው ሲመሽ ለሚገቡ፣ ከሥራና ከታክሲ ሰልፍ በተረፈች ሰዓት መጽሐፍ ለሚገልጡ። ለብቻም ይሠራል። ፍሬው የሚበዛው ግን ከ5 እስከ 9 ሰዎች ሆነው ሲይዙት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። ከትልቅ ልብ ወለድ ባዶ እጁን የሚመለስ አንባቢ ብዙ ጊዜ ዕውቀት አንሶት አይደለም፤ ለፍርድ ቸኩሎ ነው። ገና በሠላሳኛው ገጽ አንዱን ባላባት "ክፉ"፣ አንዱን ተማሪ "ምስኪን" ይላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን መቶዎች ገጾች የሚያነበው ፍርዱን ለማስረገጥ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ፍርዱን ለማዘግየት የተሠራ ነው። ደራሲው ሰውን የሚያሳየን አንድ ሰው የሚፈልገውና የሚፈራው ነገር በአንድ ቦታ ሲጋጩበት ነው፤ ያን ጊዜ ምን እንዳደረገና ዋጋውን ማን እንደከፈለ ማየት ያስፈልጋል።

ለምሳሌ የምንጠቀመው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ነው።

አንደኛ፦ መጽሐፉን መምረጥና ማግኘት

ለዚህ ሥራ የሚሆን መጽሐፍ ቢያንስ ሦስት ገጸ ባሕርያት ያሉትና የሦስቱም ፍላጎት እርስ በርሱ የሚጋጭ መሆን አለበት። አንድ ጀግና ብቻውን ከዕድሉ ጋር የሚታገልበት መጽሐፍ ለመጀመሪያ ዙር አይመችም፤ ሁሉም አንባቢ በአንድ ወገን ይሰለፍና ክርክር አይኖርም።

ለ7 ሰው ቢያንስ 4 ቅጂ ያስፈልጋል። ከዚያ ካነሰ መጽሐፉ ከቤት ቤት ሲዞር ሳምንቱ ያልቃል። ያገለገለ መጽሐፍ ከመንገድ ዳር ሻጮች ይገኛል። ከመክፈላችሁ በፊት የገጽ ቁጥሩን አገላብጡ። መጽሐፍ የሚጠረዘው ገጾቹ በጥቅል በጥቅል እየታጠፉ፣ ብዙ ጊዜ በ16 በ16 ገጽ ስለሆነ፣ ሲጎድል የሚጎድለው አንድ ቅጠል ሳይሆን ጥቅሉ በሙሉ ነው፤ አንዳንዴም አንዱ ጥቅል ሁለት ጊዜ ገብቶ ሌላው ይቀራል። ከገጽ 96 ወደ 113 የሚዘል መጽሐፍ ይዞ አራብሳ ከደረሱ በኋላ ለመለወጥ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በፎቶ ኮፒ የተባዛ ከሆነ ደግሞ የየገጹን የመጨረሻ መስመር ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ የሚቀረው እሱ ነው።

የአባላት ቅጂዎች የተለያየ ዘመን እትም ከሆኑ የገጽ ቁጥራቸው አይገጥምም። ስለዚህ ስትነጋገሩ "ገጽ ይህን ያህል" ማለት ትታችሁ ክፍሉን፣ ምዕራፉንና የምዕራፉን መነሻ ቃላት ጥሩ። መግዛት የማይችል አባል በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ወይም በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ በተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል፤ ግን ከከተማው ዳር ተነስቶ በየቀኑ መሄድ ስለማይሆን፣ ለእሱ ቅዳሜን ሙሉ መስጠት ይሻላል።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያው ንባብ፣ ያለ እርሳስ

መጀመሪያ ታሪኩን ዝም ብላችሁ አንብቡ። ምንም አትጻፉ፣ ምንም አታስምሩ። በቀን 12 ገጽ ብታነቡ ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ በ6 ሳምንት ገደማ ትጨርሳላችሁ። 12 ገጽ ለብዙ ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ነው። በቀን 30 ገጽ ብሎ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል፤ አንድ ቀን ማታ መብራት ሲጠፋ፣ በማግስቱ አውቶቡስ ሲዘገይ የ60 ገጽ ዕዳ ይከመርበታል፤ ዕዳ ደግሞ ከመጽሐፍ ያሸሻል።

በአውቶቡስ የምታነቡ ከሆነ መቀመጫ ባገኛችሁበት ጉዞ ብቻ አንብቡ። መኪናው ሲሄድ የሚያዞራችሁ፣ መንገድ ሲዘጋ የቆመበትን ጊዜ ተጠቀሙ፤ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ጠዋት ጠዋት ይህ ጊዜ አይጠፋም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ብዙ ሰው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። ያ ትረካ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሰማው ሰው ያነበበ ይመስለዋል። ተራኪው በድምፁ ለማን ማዘን፣ በማን መቆጣት እንዳለባችሁ አስቀድሞ ነግሯችኋል። ለዚህ ሥራ ሲባል የሰሙትም እንደ አዲስ በዓይናቸው ማንበብ አለባቸው።

ሦስተኛ፦ ደብተሩን ማዘጋጀት

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ባለ 50 ቅጠል ደብተርና እርሳስ ይበቃል። እስክርቢቶ አይሁን፤ በሦስተኛው ሳምንት የምትሰርዙት ብዙ ነው።

ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ገጾች ስጡ። በሁለቱ ገጾች ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ። በግራው ገጽ፦ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይፈራል። በቀኙ ገጽ፦ ምን ይላል፣ ምን ያደርጋል፣ ዋጋውን ማን ከፈለ። የቀኙ ሁለተኛ ዓምድ፣ ማለት "ምን ያደርጋል" የሚለው፣ ከሌሎቹ በእጥፍ ይስፋ፤ ካልሰፋ በንግግሩ ብቻ ትፈርዱበታላችሁ።

አንድ ሕግ አለ፤ በአምስቱም ዓምዶች ውስጥ ጠባይ የሚገልጽ ቅጽል አይገባም። "ኩሩ"፣ "ጨካኝ"፣ "የዋህ"፣ "ደፋር" የሚባሉ ቃላት የተከለከሉ ናቸው። በቦታቸው ድርጊት ይገባል። "ኩሩ ነው" ከማለት "ለልጁ የመጣውን ጠያቂ በዘር አይመጥንም ብሎ መለሰ" ይባላል። መጀመሪያ ላይ ይህ ያስቸግራል፤ አንዳንዱ አባል "ታዲያ ምን ልጻፍ?" ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ገጸ ባሕርዩ የሠራባቸውን ግሦች ብቻ እንዲለቅም አድርጉት፤ ጠራ፣ አባረረ፣ ዝም አለ፣ ላከ፣ ተመለሰ። ከአሥር ግሦች በኋላ ዓምዱ ራሱ መሙላት ይጀምራል።

ለምሳሌ የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ገጽ እንዲህ ሊሞላ ይችላል። ይፈልጋል፦ የቤቱና የዘሩ ክብር እንደነበረ እንዲቀጥል። ይፈራል፦ ክብሩ ከበታቹ ካለ ሰው ጋር እንዳይቀላቀልና እንዳይደፈር። ይላል፦ የሚያደርገው ሁሉ አባቶች ያቆዩት ወግ እንደሆነ። ያደርጋል፦ ለልጁ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል የለም እያለ ዕድሜዋ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ገበሬዎቹ የተጠየቁትን አንሰጥም ሲሉ በጦር ሊያስገብራቸው ይነሳል። ዋጋውን የከፈለው፦ ልጁ፣ ገበሬዎቹ፣ በመጨረሻም ራሱ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ግራውን ገጽ ከቀኙ ጋር አስተያዩ። የሚፈልገው ክብር ነው፤ ያደረገው ሁሉ ግን ክብሩን ያጠፋዋል። "ክፉ ነው" ብላችሁ ብትጀምሩ ይህን አታገኙትም ነበር። ፊታውራሪው የወደደውን ነገር አጥብቆ ሲይዝ ያነቀው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በጎጃም ባላባቶች ዘመን ብቻ የነበረ አይደለም።

አራተኛ፦ አጠራሩን መከታተል

በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ያዙ። አሁን የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ማን ማንን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይም አንቱ ይላል? ባላባቱ ለገበሬው፣ ሚስት ለባሏ፣ መምህሩ ለተማሪው፣ ተማሪዋ ለመምህሯ የሚሉትን በዳር ትንሽ ነጥብ አድርጉበት። አጠራሩ የተለወጠበትን ቦታ ደግሞ ክበቡት።

በዛብህና ሰብለ ወንጌል ለዚህ የተመረጡ ናቸው። በዕውቀት እሱ የበላይ ነው፤ አስተማሪዋ ነውና። በዘርና በቤት እሷ የበላይ ናት። ሁለት ሰዎች በሁለት የተለያየ መሰላል ላይ ሲቆሙ እያንዳንዷ "አንተ"ና "አንቺ" ትመዝናለች። ብዙ አንባቢ ፍቅራቸውን በተናዘዙበት ቦታ ይፈልጋል፤ ከዚያ አስቀድሞ ግን በአጠራሩና በዝምታው ውስጥ ታገኙታላችሁ።

በትርጉም መጽሐፍ ይህን ስትሠሩ ተጠንቀቁ፤ አጠራሩን የመረጠው ተርጓሚው ሊሆን ይችላል። በትርጉም ሥራ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን እንደሚያቋርጥ፣ ማን ሳይመልስ እንደሚቀር ተከታተሉ።

አምስተኛ፦ መጋጫውን ማግኘት

ደብተሩ ግማሽ ሲሞላ እያንዳንዱ ሰው ለያዘው ገጸ ባሕርይ አንድ ትዕይንት ይምረጥ፤ የሚፈልገውና የሚፈራው በአንድ ጊዜ የመጡበትን። ትዕይንቱ ከ2 እስከ 4 ገጽ ይሁን። ከዚያ ከበለጠ መጋጫውን አላገኛችሁትም፤ ዙሪያውን እየዞራችሁ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞትና ለቅሶ ያለበትን ትዕይንት በመምረጥ ነው። ሞት አብዛኛውን ጊዜ የመጋጫው ውጤት ነው፤ ምርጫው የተደረገው ከመቶ ገጽ በፊት ሊሆን ይችላል።

ማረጋገጫው ይህ ጥያቄ ነው፦ እዚህ ቦታ ላይ ሌላውን መንገድ ቢመርጥ ምን ያጣ ነበር? መልሱ "ምንም" ከሆነ ትዕይንቱ መጋጫ አይደለም።

በዛብህን ውሰዱ። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፤ ሚስት እንዳያገባ የሚያስረው ቃል እሱ ራሱ የሰጠው አይደለም። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያጣው አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ የእናት አባቱን ስለት፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ልቡን፣ እንጀራ የሚበላበትን ቤት ሁሉ ነው። "ምን ይፈራል" የሚለው ዓምድ ላይ "ፊታውራሪውን" ብቻ የጻፈ አባል መጽሐፉን እንደ አሳዳጅና ተሳዳጅ ታሪክ ነው ያነበበው። "ስለቱን" ብሎ የጨመረ ግን በሰው ውስጥ ያለውን ዳኛ አግኝቷል፤ ፊታውራሪው ባይኖር እንኳ በዛብህ ነፃ አይሆንም ነበር።

መጋጫውን ድምፅ አውጥታችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። በመጀመሪያው ሙሉውን፤ በሁለተኛው ንግግሩን ብቻ፣ የተራኪውን ቃል እየዘለላችሁ። በሁለተኛው ንባብ ገጸ ባሕርዩ ብቻውን ይቆማል፤ ተራኪው የጨመረለት ሐዘኔታ ወይም ነቀፋ ምን ያህል እንደነበረም ያን ጊዜ ይታወቃል። አንባቢው እንደ መድረክ ተዋናይ አይጩህ። ቃሉን እንደተጻፈ፣ በእርጋታ ያንብብ፤ ማልቀስም መቆጣትም የአድማጩ ድርሻ ነው።

ስድስተኛ፦ ስብሰባው

7 ሰው ከሆናችሁ ምዕራፍ ሳይሆን ገጸ ባሕርይ ተከፋፈሉ፤ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል፣ ጉዱ ካሣ፣ ፊታውራሪ መሸሻ፣ የፊታውራሪው ሚስት ወይዘሮ ጥሩአይነት፣ የገበሬዎቹ መሪ አበጀ በለው፣ የበዛብህ እናት ውድነሽ። ምዕራፍ የተከፋፈለ ቡድን ታሪክ እየተራረከ ይበተናል። ገጸ ባሕርይ የያዘ ሰው ግን መጽሐፉን በሙሉ ማንበብ ግድ ይሆንበታል።

ቦታው የግቢው የጋራ መጠቀሚያ ቤት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቁልፉን ከኮሚቴው አስቀድማችሁ ጠይቁ። በክረምት ከሰዓት በኋላ አትሰብሰቡ፤ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፅ አይሰማም፣ መብራትም የሚሄደው ያን ጊዜ ነው። እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ይሻላል፤ ቅዳሴ ያለውም ተመልሶ ይደርሳል።

ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። 10 ደቂቃ እያንዳንዱ ከያዘው ሰው አንድ ድርጊት ብቻ ይናገራል። 30 ደቂቃ መጋጫው ይነበባል፣ ዓምዶቹ በጋራ ይሞላሉ። 25 ደቂቃ ክርክር ነው። 15 ደቂቃ ከዚህ በታች የምናየው ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። የቀረው ለሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅት። ቡናው ከክርክሩ በኋላ ይምጣ። ጭሱ ከመጀመሪያ ከተነሳ ወሬው የኑሮ ይሆንና ሰዓቱ ያልፋል።

ክርክሩ በአያቶቻችን የበልሃ ልበልሃ ሥርዓት ይሁን። አንዱ ከሳሽ፣ አንዱ ጠበቃ ሆኖ ይቆማል፤ ሁለቱም ማስረጃ የሚያመጡት ከ"ምን ያደርጋል" ዓምድ ብቻ ነው። "ሲታይ እኮ…" የሚል ማስረጃ አይቀበሉ። በ12ኛው ደቂቃ ከሳሹና ጠበቃው ይቀያየሩ። ይህች ቅያሬ መቅረት የለባትም። ወይዘሮ ጥሩአይነትን ሲከስ የቆየ ሰው፣ በባሏና በልጇ መካከል የተያዘችውን ሴት ራሱ ሲሟገትላት፣ ቀድሞ ያላያቸውን ሁለት ሦስት ገጾች ፍለጋ መጽሐፉን ይገልጣል። ዳኛ አይሰየምም፤ ፍርድም አይሰጥም።

የሚበላሽባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ዕድሜ ነው። ጋሼ ወይም እትዬ የሚባሉ ታላቅ ሰው ቀድመው ከተናገሩ ወጣቶቹ ያንኑ ይደግማሉ፤ ስለዚህ ታናሽ ይጀምር፣ ታላቅ ይጨርስ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ታላላቆቹ ራሳቸው እንዲናገሩት አድርጉ፤ ከእነሱ ሲመጣ ማንም አያፍርም። ሁለተኛው ጎረቤት ነው። በኮንዶሚኒየም ሁሉም ይተዋወቃል፤ "ልክ እንደ እከሌ" የተባለች አንዲት ቃል ቡድኑን ልታፈርሰው ትችላለች። የሕያው ሰው ስም በስብሰባው አይነሳም። ሦስተኛው ጉዱ ካሣ ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ የዘመኑን ሥርዓት ስለሚተች፣ እሱን የያዘው አባል በእሱ አፍ የራሱን ፖለቲካ መናገር ይጀምራል። ያን ጊዜ "ምን አደረገ? ማን ሰማው?" ብላችሁ ወደ ዓምዱ መልሱት። ጉዱ ካሣ ያያል፣ ይናገራል፣ የሚሰሙት ግን እንደ ዕብድ ያዩታል፤ እውነትን አውቆ መለወጥ ያልቻለ ሰው ሥቃይ የመጽሐፉ ትልቅ ክፍል ነው፣ በጩኸት ካለፋችሁት ያመልጣችኋል።

ሰባተኛ፦ ስም የሌለበት ዓረፍተ ነገር

እያንዳንዱ ሰው ስለያዘው ገጸ ባሕርይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የገጸ ባሕርዩ ስም አይግባበት፤ "ሰው" በሚል ቃል ይጀምር። ስለ በዛብህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የመጀመሪያ ሙከራ "ሰው በፍቅር ሁሉን ያሸንፋል" የሚል ነው። ደብተሩ ይህን አይደግፍም፤ "ዋጋውን ማን ከፈለ" የሚለውን ተመልከቱ። ሁለተኛው ሙከራ "ሰው የወግ ባሪያ ነው" ይሆናል። ይህ ሰፊ ነው፤ ለፊታውራሪውም፣ ለገበሬውም፣ ለቄሱም ይሆናል፣ ስለዚህ ስለ ማንም አይናገርም። ሦስተኛው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "ሰው ሳይጠየቅ በስሙ የተገባን ቃል እንደ ራሱ ዕዳ ይሸከመዋል፤ ሲያፈርሰውም ራሱን ይከሳል።"

ይህን በሁለት ሌሎች ገጸ ባሕርያት ፈትኑት። ሰብለ ወንጌልም በስሟ የተወሰነ ነገር ነበረባት፤ ማንን እንደምታገባ አባቷ ነበር የሚቆርጠው። እሷ ግን ቤቱን ትታ በዛብህን ፍለጋ ወጣች። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ለግማሹ ይሠራል፣ ለግማሹ አይሠራም። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ማለት ይኸው ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ይወልዳል። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ቃልና ለዘር ክብር የተሰጠ ቃል በሰው ልብ ላይ እኩል ይከብዳሉ? ለዚህ አንድ ሙሉ ስብሰባ ስጡት።

ዓረፍተ ነገሩ ለሁሉም ገጸ ባሕርይ ከሆነ አጥብቡት። ለአንዱ ብቻ ከሆነ ወደ መጋጫው ተመለሱ።

ስምንተኛ፦ በሁለተኛ መጽሐፍ መፈተን

ከሩቅ አገር የመጣ አንድ መጽሐፍ ጨምሩ። በሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ተተርጉሞ "መከረኞቹ" የተባለው፣ በመጀመሪያ በ1862 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ለዚህ ተስማሚ ነው። ዣን ቫልዣን ለአንድ ዳቦ ስርቆት 5 ዓመት ተፈርዶበት፣ ለማምለጥ በመሞከሩ 14 ተጨምሮበት 19 ዓመት የታሰረ ሰው ነው። እናንተ ግን መጀመሪያ የፖሊሱን የዣቬርን ገጽ ሙሉ። ይፈልጋል፦ ሕግ ሳይዛነፍ እንዲፈጸም። ይፈራል፦ የተወለደበትን፤ የተወለደው በእስር ቤት፣ ከእስረኛ ወላጅ ነውና። ዣቬር ሲያሳድደው የኖረው ቫልዣን፣ ዣቬርን ሊገድለው ሲችል ሲለቀው ሁለቱ ይጋጩበታል። ቫልዣንን ቢይዝ ውለታ ይበላል፣ ቢለቀው ሕጉን ይክዳል። ለቀቀው፤ ከዚያም ራሱን ሴን ወንዝ ውስጥ ጣለ።

አሁን የዣቬርንና የፊታውራሪ መሸሻን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱም አንድ ሥርዓት የሙጥኝ ያሉ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሥርዓቱ ሲሰበር አብሮ ተሰበረ፤ ሌላው ሥርዓቱን ለማዳን ሲል የገዛ ልጁን አጣ። ልዩነቱን ከ"ምን ይፈራል" ዓምድ ፈልጉት፤ አንዱ የሸሸው የተወለደበትን ነው፣ ሌላው የሙጥኝ ያለው የተወለደበትን ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ ሲያልቅ ደብተሩን ከኋላ ገልብጣችሁ ዓረፍተ ነገሮቹን ብቻ በቀንና በገጸ ባሕርይ ስም ቅዱ። አዲስ አባል ሲመጣ የሚሰጠው ያ ገጽ አይደለም፤ እሱን ካነበበ ሳይደክም ፍርድ ይወርሳል። ለአዲሱ አባል ባዶ ደብተርና ገና ማንም ያልያዘውን አንድ ገጸ ባሕርይ ስጡት። በ"ፍቅር እስከ መቃብር" የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱ ብዙ ጊዜ ሳይያዝ ይቀራል፤ ከእሱ ቢጀምር ጥሩ ነው።